ጥርሴ ታተመች፣ የለካት ወንድሜ ግን ቀረ

ፉአዴ፣ ትናንት ከሰዓት ወጣ! ስምህ ወጣ! ቆይ አትሳቅብኝ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። ይህን ገጽ የሚያነቡትም አያውቁህምና አብረው ይስሙ።

ፉአድ ታላቅ ወንድሜ ነው። እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ ድንጋይ የሆኑ የጥንት ሰው ጥርሶችን ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ሁለት ዓመት ሠርቷል። ሥራው መለካት ነበር። ካሊፐር በምትባል መለኪያ የእያንዳንዱን ጥርስ ስፋት በሚሊሜትር ይለካል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ከጎኑ «የለካው» በሚለው ሥር ስሙን ያሰፍራል።

ትዝ ይልሃል ፉአዴ? ወደ ሥራ ከመሄድህ በፊት በየማለዳው ትቀሰቅሰኝ ነበር።

«ሙኒር፣ አፍህን ክፈት።»

«አቦ ተወኝ! ትናንት ለክተሃት የለ? ሌሊት አደገች እንዴ?»

«ጥርስህን አይደለም የምለካው... እጄን ነው። ያቺው ጥርስ ያንኑ ቁጥር ካልሰጠችኝ እጄ ተበላሽቷል ማለት ነው።»

የላይኛዋ የፊት ጥርሴ። ስምንት ነጥብ ስድስት። ሁልጊዜ ስምንት ነጥብ ስድስት። እኔም አፌን እንደከፈትኩ መልሼ እተኛ ነበር።

አምና ያ ትኩሳት በሦስት ቀን ወሰደህ።

ከወራት በኋላ ጥናቱ መታተሙን ሰማሁና የትምህርት ቤታችን፣ የሊሴው፣ ኮምፒውተር ክፍል ገብቼ ከፈትኩት። ሦስተኛው ሠንጠረዥ ያንተ ደብተር ነው! ከደብተርህ ጋር መስመር በመስመር አስተያየሁት፣ አንድም ቁጥር አልተለወጠም። የመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ለማነጻጸሪያ «በሕይወት ያለ ሰው፣ የላይኛ የፊት ጥርስ፣ 8.6» ይላል። እኔ ነኝ! ጥርሴ መጽሔት ላይ ወጣች!

ከዚያ የአጥኚዎቹን ስም ፈለግኩ። ስድስት ሰዎች ተደርድረዋል። አንተ የለህም። ታች ምስጋናው ጋ ወረድኩ... «የአካባቢው ረዳቶች» ይላል። በቃ። ጥርሴ ገብታ አንተ ቀረህ።

ጥናቱን ለመራችው ዶክተር ጻፍኩላት። በሁለተኛው ቀን መለሰችልኝ።

«ፉአድን አልረሳሁትም። መጽሔቱ እያንዳንዱ አጥኚ ራሱ ካልፈረመ አይቀበልም፣ እሱ ደግሞ መፈረም አልቻለም። ያኔ መሟገት ነበረብኝ፣ አልተሟገትኩም። የደብተሩን ፎቶ ላክልኝና ማስተካከያ እንጠይቅ።»

በአባባ ስልክ ደብተርህን ከዳር እስከ ዳር አንስቼ ላክሁላት።

ከሳምንታት በኋላ ማስተካከያው ወጣ። ከፈትኩት... «ከአጥኚዎቹ ዝርዝር ውስጥ ሙኒር ጀማል ይጨመር።»

እኔ! የደብዳቤው ላኪ! የአባታችን ስም አንድ ነው፣ ደብተሩን የላከውም እኔ ነኝ፣ አደባልቀውን አረፉ።

ይህን የሰማው የባዮሎጂ አስተማሪያችን ክፍሉ ሁሉ ፊት ጨበጠኝ፣ «አቶ» ለማለት እንደ ፈረንሳዮቹ «ሙሴ» ነው የሚለው። «ሙሴ ሙኒር፣ እንኳን ደስ አለህ!» ልጆቹ «ዶክተር ጥርስ» አሉኝ። አንዱ ጓደኛዬማ ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ፦

«ዝም በል አቦ! ስሙ እንደሁ ከቤታችሁ አልወጣም። ለፈረንሳይ ስኮላርሺፕ እንዲህ ያለ ወረቀት ማን አለው?»

አልዋሽህም ፉአዴ። አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ። ስሜን ደጋግሜ እየከፈትኩ አየሁት።

በማግስቱ ለአባባ አሳየሁት። ታውቀዋለህ፣ ሃያ ዓመት ወደብ ላይ ትራንዚተር ሆኖ የሠራ ሰው ወረቀት ሲያነብ አይቸኩልም። መነጽሩን አወለቀ።

«ሙኒር፣ ጭነት በሌላ ሰው ስም ከተጻፈ ምን ይሆናል?»

«ባለቤቱ አያወጣውም... ወደብ ላይ ይቀራል።»

«ታዲያ ልጄን ወደብ ላይ ልታስቀርብኝ ነው?»

ላፕቶፑን አመጣሁ። እሱ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ።

«የተጻፈው፦ ሙኒር ጀማል። መጻፍ የሚገባው፦ ፉአድ ጀማል። ማስረጃ፦ ከደብተሩ 'የለካው' የሚለው፣ ተያይዟል።»

«አባባ፣ ሰላምታ ምናምን አናስገባም?»

«የወደብ ማስተካከያ ሰላምታ የለውም። ሦስት መስመር ነው። ሰላምታ ስታበዛ ነው ሰው ስሙን ሳያይ የሚያልፈው።»

ያቺኑ ሦስት መስመር ለዶክተሯም ለመጽሔቱም ላክን።

ትናንት፣ የጫት መኪኖቹ ጡሩንባቸውን እየነፉ አልፈው ሰፈራችን ሆዳን ጭር ሲል፣ መልሱ ገባ። ከፈትኩት። ፉአድ ጀማል! ከስድስቱ ጋር፣ ሰባተኛ ሆነህ! ከሥሩም «ልኬቶቹን በሙሉ ያከናወነው» ይላል። የኔ ስም ተሰርዟል። ጥርሴ ግን እዚያው አለች፣ እሷን ማንም አልነካብኝም!

ጮህኩ። አባባ ሁለት ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበውና «ጭነቱ ወጣ» አለ። እማዬ የፈረንጅ ፊደል አታነብም፣ ጣቷን ይዤ ስምህ ላይ አደረግኩላት። ጣቷን አላነሳችም... ስክሪኑ ሲጠፋ መልሼ አበራሁላት።

እስከ ትናንት ብቻዬን አልነበርኩም ፉአዴ። ደብተርህን እገልጣለሁ፣ ስላንተ እጽፋለሁ፣ ስላንተ መልስ እጠብቃለሁ። ዛሬ ማለዳ ግን የሚጻፍ ደብዳቤ አልቀረም። ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ማለዳ ይኸው ዛሬ ነው።

ተነስቼ ካሊፐርህን ያዝኩና መስታወት ፊት አፌን ከፈትኩ። ዘጠኝ ነጥብ አንድ። እንደገና... ስምንት ነጥብ ሁለት። ሳቄ መጣ። እጄ ጨርሶ እጅ አይደለም! ትንፋሼን ይዤ ሦስተኛ ሞከርኩ... ስምንት ነጥብ ስድስት!

ሦስቱንም ደብተርህ ላይ ጻፍኳቸው፣ የተበላሹትንም ጭምር፣ እንዳስተማርከኝ። «የለካው» ከሚለው ሥር እስክሪብቶው ወደ ስምህ ሊሄድ አለ... መለስኩትና «ሙኒር» ብዬ ጻፍኩ። ይቺ መስመር እንኳን ማስተካከያ አያስፈልጋትም።