ከጎንህ ያለው ምን ይጎድለዋል?

ከሞላሌ መሐል ሜዳ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነበርኩ። ረዳት ስላችሁ ዝም ብሎ በር ከፋች እንዳይመስላችሁ። በዚያ መንገድ የኔን ድምፅ የማያውቅ ሰው ቀርቶ በግ የለም። ሹፌሩ መሪውን ይያዝ እንጂ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ። «ሂድ» ስል ይሄዳል፣ «ወራጅ አለ» ስል ይቆማል። ታዲያ ነጂው ማነው?

ጊዜው ሞባይል ያለው ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ የሚወጣበት ጊዜ ነው። መሐል ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ተከፈተ። ካምፓስ ይባል እንጂ ከአንድ ትምህርት ቤት የተዋሳቸው አራት ክፍሎች ናቸው። ማደሪያ የለው፣ ምግብ የለው፤ ተማሪው ሁሉ ጠዋት መጥቶ ማታ ወደ ቤቱ ነው። አስተማሪ አለ፣ የልማት ሠራተኛ አለ፣ የቀበሌ ጸሐፊ አለ። ሁሉም ልጅና ከብት ያለው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ሰንብቶ ቅዳሜ ደብተሩን ይዞ የሚሮጥ ሰው ነው። ግማሹ የኔ ተሳፋሪ ነበር። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ አልደረስክም የሚለኝ ሰው ተሳስቷል፤ በየሳምንቱ በሩ ድረስ ደርሻለሁ።

ከነሱ መሀል አንዲት መምህርት ነበሩ። ከሞላሌ ወዲያ ገጠር ውስጥ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያስተምራሉ። እኔ «እትዬ» ነው የምላቸው፣ እሳቸው ደግሞ «ወንድሜ»። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስተው፣ በዚያ ውርጭ በኮንጎ ጫማ ሁለት ሰዓት ተኩል ተጉዘው መኪናችን ቆሞ የሚሞላበት ሞላሌ መንገድ ዳር ይደርሳሉ። እዚያ ሲደርሱ ከፌስታላቸው ጥቁር ጫማ ያወጣሉ፤ ጭቃ የለበሰውን ኮንጎ እኔ ተቀብዬ ወንበር ሥር አስቀምጣለሁ። ማታ ሲመለሱ መልሼ እሰጣለሁ። አንድም ቀን ተሳስቼ የሌላ ሰው ኮንጎ ሰጥቼ አላውቅም፤ ይሄ ቀላል ችሎታ አይደለም።

የካምፓሱ ሕግ ግን ከውርጩ ይብስ ነበር። ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ስም ይጠራል። ሲጠራ ያልነበረ እንደ ቀረ ይቆጠራል። ሦስት ቀን የቀረ ይሰረዛል። የእትዬ ስም ከዝርዝሩ መጀመሪያ ስለሆነ፣ አብረዋቸው የመጡት ሲተርፉ እሳቸው ሁለት ቀን ስማቸው ካለፈ በኋላ ነው የደረሱት። አንድ ቅዳሜ ቢደገም ዓመቱ ተቃጠለ ማለት ነው፤ ዕድሉም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይሄን የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም። ከኋላ ወንበር ሰው ሲያወራ ነው የሰማሁት።

አንድ ዓርብ የካምፓሱ አስተባባሪ መምህር በኛ መኪና ተሳፈሩ። ጉልበታቸው ላይ በገመድ የታሰረ ወረቀት አለ።

«መምህር፣ ፈተና ነው? መልሱን ብቻ ይስጡኝ፣ በየቤቱ አደርስልዎታለሁ።»

ሳቁ። «መጠይቅ ነው። ተማሪዎቻችን ከየት ይመጣሉ፣ በምን ይመጣሉ፣ ምን ይቸግራቸዋል፣ የሚል። ተሞልቶ ወደ ላይ ከሄደ የትምህርቱን ሰዓት ሊያሻሽሉልን ይችላሉ።»

«ይሄንንማ እኔን ይጠይቁኝ! ማን ከየት እንደሚመጣ፣ ማን መንገድ ላይ እንደሚያስመልሰው፣ ማን ሁልጊዜ መስኮት እንደሚፈልግ በቃሌ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው አንተ አስሞላልኝ። ስንተኛ ክፍል ደርሰሃል?»

«ከስምንተኛ ነው ያቆምኩት» አልኳቸው፣ ዓይኔን ሳላሽ። ለሰው ሁሉ የምለው እንደዚያ ነበር።

በማግስቱ መኪና ውስጥም፣ ካምፓሱ አጥር ሥርም እየዞርኩ አደልኩ። «ሙሉ! ሙሉ! ወደ ውስጥ ጠጋ ብላችሁ ሙሉ!» አፌ ለምዶብኝ ነው። ከጓሳ በኩል በፈረስ የሚመጣ አንድ የልማት ሠራተኛ ወረቀቱን ገለበጠው፣ ዘቀዘቀው። «የምትመጣው በምንድን ነው» የሚል አለበት። ምርጫው የግል መኪና፣ አውቶብስ፣ ሌላ።

«ፈረሴ ሌላ ነው?» አለኝ ቅር ብሎት።

«የግል መኪና በለው። ጭድ ይብላ እንጂ የግልህ አይደል?»

ማታ ሁሉንም ሰብስቤ፣ ደረቴን ነፍቼ ለመምህሩ አስረከብኩ። «መምህር፣ ደስ ይበልዎት፣ ተማሪዎቻችን ምንም አይጎድላቸውም!»

መምህሩ አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። ከዚያ ራሳቸውን ያዙ። «ችግርህ ምንድን ነው» በሚለው ሥር አንዱ «ተመስገን» ብሏል። ሌላው «ምንም የለም፣ ክብሩ ይስፋ» ብሏል። ባለ ፈረሱ «ደህና ነኝ፣ እናንተስ?» ብሎ ጽፏል። እትዬም በዚያች በማትለያቸው ቀይ እስክሪብቶ «ሁሉ ሙሉ ነው» ብለዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል በውርጭ ተጉዘው የመጡት እኚህ ናቸው!

«ይሄን ብልክ፣ ተማሪዎቹ ተመችቷቸዋል ተብሎ ሰዓቱ እንዳለ ይቀራል» አሉ መምህሩ። «ለምንድን ነው የማይናገሩት?»

መምህሩ የመጡት ከደብረ ብርሃን ነው፤ ቅርብ ነው፣ ግን የኛን አገር ሰው ገና አላወቁትም። እኛ ጋ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ወይ መሬት ሊለካ ነው ወይ መዋጮ ሊሰበስብ። ይሄ አንዱ ነው። ዋናው ግን ነውር ነው። ሰው እንዴት ነህ ሲልህ፣ ገብስህን በረዶ መትቶት፣ በግህን ቀበሮ በልቶት ቢሆን እንኳ መጀመሪያ ተመስገን ነው የምትለው። ችግርህን ለማታውቀው ወረቀት መዘርዘርማ እንደ መለመን ነው። ይሄን ሳላስብ ዝም ብዬ ማደሌ የኔ ጥፋት ነው። እኔም ብጠየቅ ያው ነበር መልሴ።

መኪናውን ስጠርግ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሦስት ሰው የሚይዘው ወንበር ላይ አምስት አስቀምጬ «ተመቻችሁ?» ብል፣ «ተጨነቅሁ» የሚል አንድ ሰው ሰምቼ አላውቅም። «እስቲ ለእሷ ቦታ አድርግላት፣ ልጅ ይዛለች» ይላሉ። «አባን አስጠጋቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል» ይላሉ። ሰው ለራሱ አፍ የለውም፣ ለጎረቤቱ ግን ጠበቃ ነው።

ሮጬ መምህሩ ጋ ሄድኩ። «ጥያቄውን ያዙሩት» አልኳቸው። «ምን ይጎድልሃል አይበሉ። ከጎንህ የሚቀመጠው ምን ይጎድለዋል ይበሉ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ «አንተ፣ እውነት ከስምንተኛ ነው ያቆምከው?» አሉ።

«መሰለኝ» አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህሩ ያችኑ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፏት። የዚያን ቀን እትዬ ለጥቂት ነው የደረሱት፤ መምህሩ የስም ዝርዝሩን እያነሱ ሳለ። ወረቀቱ ሲሰበሰብ ከፊትም ከኋላም ጢም ብሎ ሞልቷል። አንዳንዱማ ቦታ አልበቃው ብሎ ጠርዙን ዞሮ ነው የጻፈው። የክፍል አለቃው ለመምህሩ አስረክብ ብሎ ሲሰጠኝ፣ ሹፌሩ ምሳ እስኪበላ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ማንበቤ አዝጋሚ ነው፤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው። ስለ ባለ ፈረሱ አንዱ እንዲህ ብሏል፦ «ፈረሱን የሚያስርበት ስለሌለ ሰውነቱ ክፍል ገብቶ ልቡ አጥር ላይ ነው። ስለዚህ ሒሳብ አይገባውም።» እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ግን ሳቄ ጠፋ።

«ከሞላሌ ወዲያ የምትመጣው መምህርት መንገድ ዳር የምትደርሰው በሰዓቱ ነው። ረዳቱ ግን መኪናው እስኪሞላ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እያለ ያቆማታል። አንድ ሰው ሲል የሚጎድለው ሰባት ሰው ነው።»

ሌላውንም አነሳሁ፣ ያው ነው። አምስተኛው ላይ ስደርስ ጆሮዬ ጋለ። እትዬን የሚያስቀራቸው ውርጩም፣ ርቀቱም አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ! «አንድ ሰው ብቻ ቀረ!» እያልኩ፣ በዚህ በምኮራበት ድምፄ። እሳቸው ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ ጥቁር ጫማቸውን አድርገው፣ ደብተራቸውን አቅፈው፣ «ቶሎ በል» እንኳ ሳይሉኝ ከጎኔ ይቀመጡ ነበር።

እውነቱን ልናገር። አምስቱን ወረቀት አጥፌ ካልሲዬ ውስጥ ከተትኳቸው። ማን ያውቃል? ማንም።

ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈው ወጣ።

«ከጎኔ ያለው የመኪናው ረዳት ነው። ተማሪ ባይሆንም ልጻፍለት። ከስምንተኛ አቆምኩ ይላል፣ እኔ ግን የማስተምረው እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ አራተኛ ክፍል ያቆመ ልጅ ሲያነብ አውቃለሁ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሁሉ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ጫማዬን እንደ እቃው ይጠብቅልኛል። የሚጎድለው ትምህርት ነው። ማታ ትምህርት የሚገባበት መንገድ ቢፈለግለት።»

ስለ ራሳቸው አንዲት ፊደል የለችበትም። ሊሰረዙ አንድ ቀን ቀርቷቸው፣ ያስቀራቸውን ሰው ነው የጻፉለት።

ካልሲዬን አወለቅሁ። አምስቱን አውጥቼ ጭኔ ላይ አቃናኋቸው፤ ትንሽ ሸተቱ፣ ይቅርታ ለዩኒቨርሲቲው። ለመምህሩ ሳስረክብ «ከላይ ያሉትን አምስቱን ቀድመው ያንብቡ» አልኳቸው።

ከሹፌሩ ጋር ያለው ጣጣ ግን የኔ ነበር።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ቅዳሜ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳ።»

«ከሞላ።»

«ባይሞላም።»

ግንባሬን በመዳፉ ነካ። «ትኩሳት የለህም። ባዶ ወንበር ጭኜ ልሂድ?»

«ማን ባዶ ነው አለህ? እኔ እቀመጥበታለሁ።»

አልተሸነፈም። ስለ እትዬ ነገርኩት፣ ጢሙን አከከ። በመጨረሻ አንድ ወረቀት ላይ ያየሁትን ነገርኩት። «አንተንም ጽፈውሃል። ‹ሹፌሩ ጭጋግ ሲሆን ዓይኑን አጥብቦ ነው የሚነዳው፣ መነጽር ይፈለግለት› ብለውሃል።»

«ማነው እሱ ባለጌ!» ብሎ ጮኸ። ሞተሩን አስነሳ፣ መልሶ አጠፋው። «በቃ በሰዓቱ እንሄዳለን። እዚህ ተቀምጠው እኔን ከሚያጠኑ፣ ሄደው ትምህርታቸውን ያጥኑ።»

በቀጣዩ ቅዳሜ ጭጋጉ ከኮፈኑ ወዲያ አያሳይም። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስድስት ወንበር ባዶ ነው። አፌ «አንድ ሰው!» ሊል ተከፈተ፣ መልሼ ገጠምኩት። በሩን ዘጋሁና «ሂድ» አልኩ። በረዳትነቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተጓዝኩ። እትዬ ባዶውን ወንበር ዞር ብለው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ዛሬ ምን ሆነሃል፣ ወንድሜ?»

«ተመስገን፣ እትዬ። ምንም አልሆንኩም።»

ስንደርስ ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። ኮንጎአቸውን ይዤ አጥሩ ሥር ቆምኩ፤ ወደ መናኸሪያ መመለስ ነበረብኝ፣ እግሬ እምቢ አለ። ስም መጠራት ጀመረ። የሳቸው ስም ሲደርስ በመስኮቱ በኩል «አቤት!» ሲሉ ሰማሁ። ቀጭን ድምፅ ናት፤ ከኔ ድምፅ ጋር አትወዳደርም። ግን ያን ያህል ደስ ያለኝ ድምፅ አላውቅም።

ሰዓቱ በኋላ ወደ ሦስት ተኩል ተቀየረ። ለፈረሱም ከአጥሩ ጀርባ ሦስት እንጨት ተተከለ፤ ባለቤቱ ሒሳብ አሁንም አይገባውም አሉ። እትዬ ጨርሰው ተመረቁ። ሹፌሩ መነጽር ገዛ፣ እኔን ዘወትር ሲያይ የኖረው እንደዚህ መልከ መልካም መሆኔን ሳያውቅ ነበር።

እኔን ደግሞ እትዬ ራሳቸው እጄን ይዘው ወስደው ማታ ትምህርት አምስተኛ ክፍል አስመዘገቡኝ። መዝጋቢው «ከስንተኛ ነው ያቆምከው?» ሲለኝ ወደሳቸው አየሁ። እሳቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

«ከአራተኛ» አልኩ።