ከዘመሮ ማዶ ያሉ የጽዮን ተወላጆች

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ታኅሣሥ ውስጥ ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ለአንድ ጥያቄ ስል ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ጽዮን በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያላትን ትርጉም አጥንቼ እንዳቀርብ አዞኝ ነበር። ሰማንያ ስድስተኛው መዝሙር ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ሌሎቹ መዝሙሮች የከተማይቱን ግንብና በር ያወድሳሉ፤ ይኸኛው ግን ሰው ይቆጥራል፤ ያውም ባዕድ። ባቢሎንን፣ ጢሮስን፣ ፍልስጥኤማውያንን፣ የኢትዮጵያን ሰዎች ሳይቀር እግዚአብሔር በመዝገቡ «እዚያ ተወለዱ» ብሎ እንደሚጽፋቸው ይናገራል። ያልተወለደን ተወለደ ማለት አልዋጥልሽ አለኝ። ሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የማይገጥም ነገር ሳይ ያሳክከኛል። ባሌ «አንቺ መንግሥተ ሰማያት ብትገቢም ደረሰኝ ሳትጠይቂ አትቀሪም» ይለኛል።

ከዘመሮ ማዶ፣ ገደል አፋፍ ላይ ዳዊትን ከነትርጓሜው የሚያውቁ አንድ አዛውንት መምህር አሉ ተባልኩ። ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። የታኅሣሥን ውርጭ ፈርቼ ሁለት ጋቢ ደርቤ ወጣሁ።

እስከ ሞላሌ አሥራ ስምንት ብር ከፈልኩ። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ስለዋጠው ረዳቱ ወርዶ በእግሩ እየመራን አለፍን። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ የቆሎ ቋጠሮአቸውን ፈተው ጋበዙኝና ለምን ጉዳይ እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«የዳዊት ትርጉም ልጠይቅ።»

ጫማዬን፣ ቦርሳዬን፣ ደብተሬን ተራ በተራ አዩ። «ዳዊት ደብረ ብርሃን የለም?» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቆሎውም በዚያው ተቋጠረ።

አልፈረድኩባቸውም። ዘመኑ መሬት በገመድ እየተለካ ለገበሬው የይዞታ ደብተር የሚሰጥበት ነበር። በዚያ ሰሞን ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ የሚዞር ሰው የማንን ድንበር ሊገፋ እንደመጣ አይታወቅም።

ከሞላሌ ዘመሮ ድረስ በኢሱዙ፣ በገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። አሥር ብር ነው። ዳገቱ ላይ መኪናው ወደ ኋላ ሸተት ሲል ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል፤ እኔ ደግሞ ፍሬኑን እየጠረጠርኩ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እደግማለሁ። ዘመሮ በስምንት ብር አልጋ ያዝኩ። ያከራዩኝ ሴት የደረቡልኝ ከበግ ጠጉር የተሠራ የመንዝ ዝተት ክብደቱ የሰው ያህል ቢሆንም ያሞቃል።

ቅዳሜ

የየኔታን መንደር ገበያ ላይ ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሦስቱም ሦስት አቅጣጫ ጠቆሙኝ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር አልኩና ሦስቱንም ትቼ ከገበያ የሚመለሱ ቄስ ተከተልኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል በእግር ሄድን። ገብሱ ታጭዶ አልቋል፤ በየአውድማው በሬ እየተነዳ ይወቃል፤ ከገደሉ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል።

መንደሩ መግቢያ ላይ በርኖስ የደረቡ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንድ ሰው መንገዱን ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ተክሌ ይባላሉ።

«ማነሽ? ማን ላከሽ?»

«ማንም። የኔታን ስለ ጽዮን ልጠይቅ ነው።»

«ስለ ጽዮን!» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ዐይናቸው ጋ አልደረሰም። «እንግዳ የእግዜር ነው፣ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ» አሉኝ። ሊያስተናግዱኝ ሳይሆን ሊጠብቁኝ እንደሆነ ገባኝ።

የየኔታ ጎጆ ከጋሽ ተክሌ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው። ዙሪያውን ስድስት ትንንሽ የተማሪ ጎጆዎች አሉ። የኔታ ወደ ሰማንያ ይጠጋሉ፤ ዐይናቸው ደክሟል። ደጃፍ ላይ ቁርበት አንጥፈው ተቀበሉኝ። ጽዮን ማን ናት ስላቸው መልሳቸው ፈጣን ነበር።

«ጽዮን አንድም በድንጋይ የታነጸችው ከተማ ናት። አንድም ቤተ ክርስቲያን ናት። አንድም እመቤታችን ናት። ይኼንን መዝሙር እኔ በልጅነቴ ጎጃም፣ እተወለድኩበት ደብር ስማር...»

የተናገሩትን ሁሉ እየጻፍኩ ነበር። ቀና ብዬ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅኋቸው። «እሺ የኔታ፣ እዚያ ያልተወለደ ሰው በምን ሥልጣን ተወላጅ ተብሎ ይጻፋል?»

እጃቸው የዝንብ ጭራቸው ላይ ደረቀ። ወደ እስክሪብቶዬ ድምፅ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

«ይኸን ጠይቂ ብሎ ማነው የላከሽ?»

«ኧረ ማንም አልላከኝም!»

«በቃ። ደክሞኛል» አሉና እየዳሰሱ ወደ ውስጥ ገቡ።

ተናደድኩ። አያውቁትም፣ ስማቸው ከእውቀታቸው ቀድሞ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ነገሩን ያስረዱኝ እራት ላይ የጋሽ ተክሌ ባለቤት ናቸው። በማግሥቱ መዝጋቢው ከወረዳ ይመጣል። የኔታ መጤ ናቸው፣ ቦታው አይገባቸውም የሚል አቤቱታ ቀርቦባቸዋል። ተወላጅ መሆናቸውን የሚመሰክር ካልተገኘ ጎጆአቸውና የተማሪዎቹ ጎጆ ይነሣል፤ ቦታውም ለድንበርተኛው ይከፈላል።

ድንበርተኛው ማን ነው? ከፊቴ ተቀምጠው ቂጣቸውን የሚቆርሱት ጋሽ ተክሌ! ከእራት በፊት ድንበሩን በእርምጃ ሲለኩ በዐይኔ አይቻቸዋለሁ። አቤቱታውን ያስገቡት እሳቸው ለመሆናቸው አልተጠራጠርኩም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ከቅጥሩ ውጭ ጽድ ሥር ተቀመጠ። መዝጋቢው ወጣት ነው፤ ሥራ ከጀመረ ገና ወሩ። ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ «የኔታ የዚህ ቀበሌ ተወላጅ ናቸው?» ሲል ጠየቀ።

ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። የኔታ በነጠላቸው ፊታቸውን ከለል አደረጉ።

መዝጋቢው ዙሪያውን ቃኘና ዐይኑ እኔ ላይ አረፈ። «እርስዎ አስተማሪ ነዎት አሉ። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ወገን አለው፤ እርስዎ የውጭ ሰው ነዎት። ትናንት አነጋግረዋቸዋል። የት ተወለድኩ አሉዎት?»

ደብተሬ ጭኔ ላይ ነበር። ገጹን ገለጥኩ፤ አፌንም ከፈትኩ።

«ቆይ!» ጋሽ ተክሌ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ሰው ተወላጅ መሆኑ በመንዝ የሚታወቀው ዘሩ ሲቆጠር ነው። ቦታውን የሰጠው አባቴ ገብሬ ነው። በል ጻፍ! የኔታ፣ የገብሬ ልጅ። ገብሬ የወልዴ፣ ወልዴ የሀብቴ፣ ሀብቴ የዘርፉ...» የራሳቸውን አባቶች አንድ በአንድ እየጠሩ፣ አገሩን መጀመሪያ እስካቀኑት አባት ድረስ ቆጠሩ። ከዚያ ሕዝቡን አዩ። «ውሸት ነው የሚል ይነሣ!»

የተነሣ የለም። ከኋላ አንዲት ሴት «እውነት ነው፣ የገብሬ ልጅ ነው» አለች። ሌላውም ተከተላት። መዝጋቢው ጻፈ። የየኔታ ትከሻ ከነጠላው ሥር ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ እኔም እንባዬ መጣ።

ሰኞ

ጋሽ ተክሌ በሶ አስቋጥረውልኝ እስከ መኪናው መንገድ ሸኙኝ። ጥርጣሬዬ አላስቀምጥ አለኝና ጠየቅኋቸው።

«አቤቱታውን ያስገቡት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ እንጂ! ሃያ ዓመት ዐይኔን የጣልኩበት ቦታ ነው።»

«ታዲያ ምነው ትናንት...?»

ዱላቸውን ወደ የኔታ ጎጆ አቅጣጫ ቀሰሩ። «ያንን መዝሙር በአለንጋ እየገረፈ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሲቀደስ አስቤው ዋልኩ። ባቢሎንን የጻፈ ጎጃምን ይዘላል?» አሉ። ከዚያ ቆም ብለው አዩኝ። «አንቺ ግን ልትናገሪ ነበር።»

«እውነት ነዋ፣ ጋሽ ተክሌ!»

«እውነትነቱን ማን አጣው፣ ልጄ።»

ኢሱዙው መጣና ጆንያው ላይ ወጣሁ።

ደብረ ብርሃን

በሚቀጥለው እሑድ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሦስቱን ትርጓሜ አነበብኩ፤ ከዚያ ጽዱ ሥር የሆነውን፣ እኔ ልናገር የነበረውን ሳይቀር፣ ነገርኳቸው። ያንን መዝሙር ስጠይቅ የከረምኩት ስለ ተመዝጋቢዎቹ ነበር፤ ስለ መዝጋቢው፣ ስለ እግዚአብሔር ልብ አስቤ አላውቅም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ የአውቶቡሱን ሰውዬ፣ የገበያውን ሰው፣ የኔታን፣ ጋሽ ተክሌን፣ የኢሱዙውን ፍሬን ሳይቀር ጠርጥሬአለሁ። ራሴን ግን አንድ ቀን ጠርጥሬ አላውቅም ነበር። ጋሽ ተክሌ ባይነሡ ኖሮ፣ አንዲት ሐሰት ሳልናገር፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ የሚጠጋ ሽማግሌ ከቤታቸው አስወጣ ነበር።