ድምፄን አውርዱልኝ

ጡሩምባ ይሏታል፤ በስሟ የሚጠሯት እናቷና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበሩ። የመሀል ከተማውና የፋብሪካው ሐዲድ በሚለያዩበት የከተማ ዳር ጣቢያ ዕድሜዋን ሙሉ በማይክ ባቡር ስትጠራ ኖራለች። አጠራሯም ለይስሙላ አልነበረም። በመስኮቷ አንገቷን አስግጋ ታያለች፤ ባቡር ዘግይቶ መሳፈሪያው ሲለወጥ፣ ሁለተኛው ላይ ያላችሁ ወደ አራተኛው ተሻገሩ፣ እማማ ቀስ ይበሉ፣ ጥሎዎት አይሄድም ትላለች። ነጂውም ይጠብቃል።

መጀመሪያ የዕቃ ማስቀመጫው ተዘጋ፤ ለዕድሳት ነው ተባለ። ቀጥሎ የማረፊያ ክፍሉ የሞባይል መሸጫ ሆነ። ሽንት ቤቱም ተቆለፈ፤ አንድ ሽንት ቤት ለማደስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እንግዲህ እነሱ ይወቁት! በመጨረሻ ወደ እሷ መጡ። ድምፅሽ ማር ነው ብለው ሸነገሏት፤ ለመጠባበቂያ ነው ብለው ቀዱት። ከዚያ በወሩ አሰናበቷት።

ይኸው ዛሬ ማሽኑ በእሷ ድምፅ ይጠራል። ማሽን ደግሞ ምኑን ያያል? ባቡሩ አራተኛው ላይ ሲገባ እሱ ሁለተኛው ላይ ነው ብሎ ድርቅ ይላል። ባቡር ያመለጠው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኛት እሷን ይሰድባል፤ ሥጋ ሻጩ ሳይቀር ውሸታም ብሏታል። ከእንጀራዋ መፈናቀሏ አንሶ!

እሱንስ ችላው ነበር። ትዕግሥቷን ያስጨረሳት የእናቷ ነገር ነው። እናቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ መሀል ከተማ ሐኪም ቤት ብቻቸውን የሚሄዱት የልጃቸውን ድምፅ እየተከተሉ ነው። ባለፈው ሳምንት ድምፁ ሁለተኛው ሲል ሰምተው እዚያው ተሳፈሩ። ለካ የፋብሪካው ባቡር ኖሯል። ቀጠሯቸው አለፈ፤ ሲመሻሽ አንድ ዘበኛ እጃቸውን ይዞ ቤት አደረሳቸው። ጫማቸውን ስታወልቅላቸው፣ ቁጣ በሌለው አነጋገር፣

«አንቺ እኮ ነሽ ሁለተኛው ያልሽኝ» አሏት።

ቆሽቷ አረረ። በማግስቱ የጣቢያው ኃላፊ ቢሮ ገብታ ድምፄን አውርዱልኝ አለች። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ድምፁ የድርጅቱ ንብረት መሆኑን አስረዳት። ከገዛ ጉሮሮዋ የወጣው የድርጅት ንብረት! አላጋጭ! ልክ ልኩን ነግራው ወጣች።

ውጭ መሳፈሪያው በሰው ጢም ብሏል። የመሻገሪያው ድልድይ ደረጃ ላይ እንደወጣች፣ የራሷ ድምፅ ከድምፅ ማጉያው የመሀል ከተማው ባቡር በሁለተኛው ይገባል አለ። እሷ ግን ከከፍታው ሆና ባቡሩ ወደ አራተኛው ሲታጠፍ አየች። ተሻገሩ፣ ወደ አራተኛው ተሻገሩ እያለች ባላት አቅም ተጣራች። ማይክ የላት፤ ድምፅዋ በሰዉ ጫጫታ ተዋጠ። ድምፅ ማጉያው ጥሪውን ሊደግም ሲጀምር፣ ሕፃን ያዘለች ሴት ክንዷን ያዝ አድርጋ፣

«እባክሽ እህቴ ዝም በይ፤ ልጅቷ የምትለውን እንስማ» አለቻት።