ሞሪንጋ በማንኪያ

ሞሪንጋ መድኃኒት ነው ይባላል። አይደለም። ወጥ ነው። ይህን ስናገር የሚሰማኝ የለም፤ እኛ ወጥ አናከብርም፣ ዱቄት እናከብራለን።

ታላቅ እህቴ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ባለፈው ሁዳዴ ምድጃው አጠገብ ሁለቴ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ ደም እንደሚያንሳት፣ ፕሮቲንም እንደጎደላት ነግራ እንቁላል እንድትበላ መከረቻት። እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ጾሟን እንደማትፈታ ነርሷም ገባት።

በማግስቱ ድንበር የሚመላለስ አንድ ነጋዴ የሞሪንጋ ዱቄት በጣሳ አመጣላት።

«አንቲኦክሲዳንት አለው እናቴ። ሰውነት እንዳይዝግ ይከላከላል።»

«እኔ ምስማር ነኝ?» አለችው። ገዛችው ግን። በየጠዋቱ አንድ የሻይ ማንኪያ በሞቀ ውሃ በጥብጣ፣ ፊቷን አጨማዳ ትጠጣ ጀመር።

ቡርጂዋ ጎረቤታችን ግቢዋ ውስጥ የሞሪንጋ ዛፎች አሏት፤ ቅጠሉን ቀቅላ፣ ከበቆሎና ከቦሎቄ ጋር ቤተሰቧን በሰሃን ታበላለች። አንድ ጠዋት እህቴን ስትጠጣ አየቻት።

«ማማ፣ ይሄ የዓይን ጠብታ ነው?»

«ለፕሮቲን ነው።»

«በዚች ማንኪያ? የኔ ጫጩት እንኳ ከዚህ በላይ ትበላለች።»

እኔም ያነበብኩትን ጨመርኩ። ቅጠሉ ፕሮቲንም ብረትም አለው፤ ከአንድ ማንኪያ የሚገኘው ግን ኢምንት ነው፣ ሰሃን ሙሉ ከቦሎቄ ጋር ሲሆን ነው ቁም ነገር የሚሆነው። እህቴ ለንባቤ ያላት አክብሮት ድሮም ትንሽ ነው።

«ደንበኛ ያላዘዘውን ለራሴ አልሠራም» አለች። ምግብ ቤቱን ከከፈተች ጀምሮ የምትበላው ከደንበኛ ድስት የተረፈውን ነው። ደንበኞቿ ደግሞ እንደኛው ከደጋ የወረዱ ነጋዴዎች ናቸው፤ ቅጠል በሰሃን ከቀረበላቸው የከሰሩ የሚመስላቸው። ጣሳውን ግን ለሚስቶቻቸው ይገዛሉ።

ስለዚህ እኔው አዘዝኩ። ጎረቤታችን ቅጠሉን አምጥታ አሠራሩን አሳየቻት። እኔ አንድ ሰሃን በላሁ። እህቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ቆማ፣ ሁለት ሰሃን በላች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

ሳምንት ሙሉ አዘዝኩ፣ ሳምንት ሙሉ በላች፤ ምድጃው አጠገብም አልወደቀችም። በስምንተኛው ቀን ግን ነቃችብኝ። «አንተ ወንድም እንጂ ደንበኛ አይደለህም። ለአንድ ሰው ድስት አልጥድም» ብላ ወደ ማንኪያዋ ተመለሰች።

ሁዳዴ ደግሞ እየመጣ ነው። በሞያሌ ካለፋችሁ ግቡና ቅጠል እዘዙ። ጥቅሙን አትጠይቋት። ድስቱንም አትጨርሱት።