ደወሉን ያወለቀው ቀናው

ቀናው በእግሩ ሲሄድ ሌላ ሰው ነበር። ለሰላምታ የማይቸኩል፣ ሸክም የከበዳት ሴት ካየ ዘንቢሏን ተቀብሎ የሚያደርስ፣ አህያ ቢገፋው እንኳ አህያውን ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ነው። ችግሩ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ነው። ያን ጥቁር ብስክሌት ከገዛ ወዲህ ከአቃቂ በሰቃ እስከ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ድረስ ያልተጣላው እግረኛ፣ ያልሰደበው በግ ነጂ የለም ማለት ይቻላል። ብስክሌቱ ምን እንዳስነካው እሱ ራሱም አያውቅም።

እርግጥ የሰዉም ነገር ግራ ያጋባል። ደወል ሲሰማ በስተቀኝ ያለው ወደ ግራ ይሮጣል፤ በስተግራ ያለው ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ መሐል ያለው ደግሞ ቆሞ ዞር ይልና ምን እንደመጣ አጣርቶ ያያል። ገበያተኛዋ መንገድ ትለቅለታለች፤ አመስግኖ ሊያልፍ ሲል ሐሳቧን ትለውጥና ፊቱ ድቅን ትላለች። የቀናው ደም የሚፈላው ይሄኔ ነው። "ዓይን የላችሁም?" ብሎ ይጮኻል። ከጮኸ በኋላ ይጸጸታል፤ ተጸጽቶ ሳይጨርስ ሌላ ሰው ይገባበታል። ቀኑን ሙሉ የሽመና ማሽን ሲፈታና ሲገጥም የሚውል መካኒክ፣ አንድ መንገደኛ ወዴት እንደሚረግጥ ማወቅ አቃተው።

ይህ ጩኸቱ ነው እንግዲህ ጣጣ ያመጣበት። በፈትል ክፍል የምትሠራውን ወርቅውሃን ወዶ፣ አባቷ አቶ ወልደየሱስ ዘንድ ሽማግሌ ላከ። አቶ ወልደየሱስ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሐዲዱ መሐል በእግራቸው እየሄዱ፣ የላላ ብሎን ሲፈልጉ የኖሩ። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብለው አዳመጡና መልሳቸውን ሰጡ።

"ልጁ በሥራው ጎበዝ ነው ይባላል። ነገር ግን መንገድ ላይ በሰው ላይ ይጮኻል። በመንገደኛ ላይ የጮኸ በሚስቱ ላይ መጮሁ አይቀርም። አሁን ጾሙ ገብቷል፤ እስከ ፋሲካ ጠባዩን ልስማ። ጮኸ ካሉኝ ልጄን አልሰጠውም።"

መልሱን ለቀናው ያመጡለት ጋሽ አምባው ናቸው። ጋሽ አምባው የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ከመሆናቸውም ሌላ የፋብሪካው በር ጠባቂ ናቸው።

"እንግዲህ ስማኝ" አሉት። "አፍህን ዝጋ። ደወሉንም ተወው፤ ደወልም ጩኸት ነው። ትልቅ ሰው ካየህ ከብስክሌቱ ውረድ። ከሰውዬው ፊት ግን እንዳትቀርብ። መልስ ሳይሰጠው ጠያቂ አባትየው ፊት ሄዶ አይገተርም፤ ነውር ነው።"

"ቢያገኙኝስ?"

"አያገኙህም። አንተ ነህ ከፊታቸው የምትርቀው።"

ቀናው ይህን ሁሉ በልቡ ያዘ። አውራ ጣቱ ግን የለመደበትን አይተውምና በማግስቱ ገና ከቤቱ ሳይርቅ አንድ ዶሮ ላይ ደወለ። በራሱ ተናደደ። ሙህዲን ሱቅ ሄዶ መፍቻ ተዋሰና ደወሉን ከእጀታው ላይ ፈታው። ሙህዲን የስልጤ ልጅ ነው፤ ከአስፋልቱ ዳር ጨውና ስኳሩን፣ የብስክሌት ጎማውን ሳይቀር ይሸጣል።

"እስከ ፋሲካ አስቀምጥልኝ" አለው።

"ደወልም ይጾማል እንዴ?" አለ ሙህዲን፣ ደወሉን ከሚዛኑ አጠገብ እያስቀመጠ።

ፈተናው ወዲያው መጣ። ጧት ቀናው አስፋልቱ ላይ ሲወጣ፣ ከፊት ለፊቱ፣ በመንገዱ እምብርት ላይ፣ አንድ ነጭ ጋቢ ቀስ እያለ ይሄዳል። አቶ ወልደየሱስ ናቸው። ጡረታ ቢወጡም ባቡር ጣቢያው ሄደው ከቀድሞ ባልደረቦቻቸው ጋር ሻይ ሳይጠጡ አይውሉም። በሐዲድ መሐል የኖረ እግር ደግሞ የመንገድ ዳር የሚባል ነገር አያውቅም።

ቀናው ከብስክሌቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ጠፋው። እንዳይደውል ደወሉ ሱቅ ነው። እንዳይጣራ ጩኸት ይሆናል። በዳር አልፎ እንዳይሄድ ፊታቸው መቅረብ ነው፤ ያውም ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ሽማግሌ አልፎ መሄድ። ስለዚህ ብስክሌቱን እየገፋ ከኋላቸው ተከተለ። የብስክሌቱ ጎማ ቀጭ ቀጭ ይላል። እሳቸው ዞር አይሉም። እሱም አይናገርም። እንዲህ ሆነው እስከ ጣቢያው መገንጠያ ድረስ ተጓዙ፤ የፋብሪካው ጡሩምባ መሐል መንገድ ላይ ሳሉ ተነፋ።

በሩ ላይ ሲደርስ ጋሽ አምባው ዘግተውታል።

"ጋሽ አምባው፣ እኮ እርስዎ ባሉኝ መሠረት ነው የዘገየሁት።"

"ያ ሽምግልናው ነው" አሉ ጋሽ አምባው በበሩ ቀዳዳ። "ይሄ ደግሞ ሥራዬ ነው።"

በበነጋውም እንደዚያው ሆነ፤ በሌላውም ቀን። ማልዶ ቢወጣ እሳቸውም ማልደው ይወጣሉ። በወንዙ በኩል ልዙር ቢል ጭቃው እስከ ፔዳሉ ዋጠው። የሚገርመው፣ ሰውዬው አካሄዳቸው ይለዋወጣል። አንዳንዴ በድንገት ይፈጥናሉ፤ ቀናው እንዳይርቃቸው ይፈጥናል፤ መራቅ ንቀት እንዳይመስል። አንዳንዴ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ እሱም ይቆማል። መጀመሪያ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ከዚያ ቀጭን ከዘራ ያዙ። ከዚያ ወፍራም ዱላ መጣ። ቀናው ዱላውን አየ። እየፈተኑኝ ነው፤ አለዚያም ሊመቱኝ ነው፤ ወይም ደግሞ እግራቸውን አሟቸዋል፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሲያሰላስል አንድ አህያ ሙሉ የጤፍ ጭነት ይዞ መጥቶ ገጨው። አልጮኸም። ለመጮህም ሐሳብ አልነበረውም።

እንዲያውም ሰፈሩ ቀናው ጨዋ ሆነ ማለት ጀመረ። መንገደኛው ሁሉ ከፊቱ ግራና ቀኝ እየተገለባበጠ ቢሮጥም እሱ ብስክሌቱን ይዞ ይቆማል፤ እስኪያልፉ ይጠብቃል። ጨዋነት ይሁን መፍዘዝ ለሱም አልታወቀውም። አንድ ነገር ብቻ ያውቃል፤ ወርቅውሃን ይፈልጋታል፤ ፋሲካ ደግሞ እየቀረበ ነው።

ሰሙነ ሕማማት በገባ በአንዱ ጧት፣ ከሙህዲን ሱቅ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ የጥጥ ጭነት የያዘ ካሚዮን ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ሻይ ሊጠጣ ገብቷል። አቶ ወልደየሱስ እንደ ልማዳቸው መሐል መንገዱን ይዘዋል፤ ቀናውም እንደ ልማዱ ከኋላቸው ቀጭ ቀጭ ይላል። በዚህ መሐል ሙህዲን ሱቁ በር ላይ ቆሞ እጁን ሲያወራጭ ቀናው አየው። ዞር ሲል ካሚዮኑ ያለ ሾፌር፣ ያለ ድምፅ፣ ቁልቁል እየተንከባለለ ይመጣል። ፍሬኑ ለቋል።

አውራ ጣቱ ወደ እጀታው ሄደ። ደወል የለም።

ቀናው ከዚያ በኋላ ያደረገውን አስቦ አላደረገውም። የጾሙን ወራት ሁሉ ያጠራቀመው ድምፅ አንድ ጊዜ ወጣ።

"አንቱ ደንቆሮ ሽማግሌ፣ ከመንገዱ ውጡ!"

አቶ ወልደየሱስ ዞር ብለው አላዩም። ድምፁን እንደሰሙ፣ ስንት ዘመን ለባቡር ፊሽካ እንዳደረጉት፣ በአንድ እርምጃ ወደ ዳር ወጡ። ቀናውም ብስክሌቱን ጥሎ ቦዩ ውስጥ ገባ። ካሚዮኑ በመሐላቸው አልፎ ብስክሌቱን ጨረፈና ከታች ካለው ቦይ ውስጥ ተዘፈቀ። አቧራው ሰከነ። ከዚያ ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው ተሻገሩ።

"አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"በየጧቱ ከኋላዬ የምትመጣውም አንተ ነበርክ?"

"አዎን።"

"ታዲያ ለምን አትደውልም?"

"ደወሉን አውልቄዋለሁ።"

"ለምን?"

ቀናው ጭቃውን ከሱሪው ላይ ማራገፍ ጀመረ። "እንዳልጮህ ብዬ" አለ በመጨረሻ።

አቶ ወልደየሱስ አተኩረው አዩት። ከዚያ ወደ ጣቢያቸው ሄዱ። ቀናው የተጣመመውን ብስክሌት ተሸክሞ ፋብሪካው በር ላይ ደረሰ፤ ተዘግቷል።

"ጮኽሁ" አላቸው ለጋሽ አምባው፣ በቀዳዳው።

"በማን ላይ?"

"በሳቸው ላይ።"

"ምን ብለህ?"

"ደንቆሮ ብዬ።"

ጋሽ አምባው ቀዳዳውን ዘጉት። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ካለ ሰዓቱ ነው የከፈቱለት። አዝነውለት ነበር።

ፋሲካ አልፎ ሽማግሌዎቹ ለመልስ ሲሄዱ ቀናው ቤቱ ቁጭ ብሎ የብስክሌቱን የተጣመመ የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ያቃና ነበር። ነገሩ እንዳበቃለት እርግጠኛ ነው። ጋሽ አምባው ሲገቡ ፊታቸውን ማየት አልቻለም። እሳቸውም ራሳቸው በሰሙት ነገር ግራ የገባቸው ይመስላሉ።

"ሰውዬው ምን እንዳሉ ልንገርህ፤ አንተው ፍታው። እንዲህ አሉ፦ 'የፈራሁት ጩኸቱን ነበር። ጾሙን ሙሉ አንድ ሰው በየጧቱ ከኋላዬ ዝም ብሎ ይከተለኛል። ስፈጥን ይፈጥናል፤ ስቆም ይቆማል። ዞሬ እንዳላይ፣ ፈራ እባላለሁ። ሌባ ነው ብዬ ዱላ ቆረጥሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ባቡር እንኳ ከኋላ ሲመጣ ያፏጫል። ያን ቀን ሲጮህ ነው ሰው መሆኑን ያወቅሁትና ነፍሴ የተመለሰችው። ደወሉን መልሶ ይግጠም፤ ልጄን ሰጥቼዋለሁ። ደንቆሮ አለመሆኔን ግን ንገሩልኝ።'"

ወርቅውሃ ከሠርጉ በኋላ የነገረችው ደግሞ የባሰ ግራ አጋባው። ለካ አባቷ በየጧቱ "በአጥር ቀዳዳ እዪና የሚከተለኝ ማን እንደሆነ ንገሪኝ" ይሏት ኖሯል። እሷም እያየች፣ እያወቀች፣ ሽማግሌ የላከባትን ሰው ስም በአባቷ ፊት ማንሳት አፍራ፣ "አልለየሁትም" ትል ነበር። ሦስቱም በጨዋነት ዝም እንዳሉ ሽማግሌው በካሚዮን ሊሞቱ ምንም አልቀራቸውም።

ቀናው እስከ ዕድሜው አጋማሽ በዚያ መንገድ ተመላልሷል። መንገደኛው ለምን ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚሮጥ አንድም ቀን አልገባውም፤ መናደዱን ግን ትቶታል። ከሩቅ አንድ ጊዜ በለስላሳው ይደውላል፤ ከዚያ ሰዉ ሐሳቡን እስኪጨርስ ይጠብቃል። አማቱን መሐል መንገድ ላይ ሲያገኝም ይደውላል። እሳቸው ሳይዞሩ በአንድ እርምጃ ዳር ይወጣሉ፤ ከዘራቸውን ከፍ ያደርጉለታል።

አቶ ወልደየሱስ ሲሞቱ ቀናው የጧት ተረኛ ነበር። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ብስክሌቱን እየገፋ ከለቀስተኛው ኋላ ተቀላቀለ። አስከሬኑ በመንገዱ መሐል ይሄዳል። ካህናቱ ጸሎታቸውን ለአፍታ ሲያቆሙ የሚሰማው የብስክሌቱ ጎማ ብቻ ሆነ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ቀናው ምን እንደሚያደርግ ጠፋው። በለቅሶ ላይ መደወል ነውር ነው። ከኋላቸው ዝም ብሎ መከተል ደግሞ እንደሚያስፈራቸው ያውቃል።

አውራ ጣቱን ደወሉ ላይ አሳረፈ። አንድ ጊዜ፣ በለስላሳው ደወለ።

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ ተቆጥቶ አየው። ወርቅውሃ ብቻ አልዞረችም። በአንድ እርምጃ ወደ ዳር ወጣችና፣ እሱ እስኪደርስ ቆማ ጠበቀችው።