ቅሬው የቆመው በአያቴ ነው

ጡረታ ወጥቼ ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብላ ወዳለችው መንደራችን የተመለስኩ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ የእኔን ምክር ሲጠብቅ የኖረ ይመስለኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ አስተምሬያለሁ። መንደሩ ደግሞ ማሾና ሽንኩርት ሲያመርት ኖሯል፤ ያለ እኔም እንደሚያመርት ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

አንድ ጁምዓ ቅሬው ሲሰበሰብ ተነሥቼ ንግግር አደረግሁ። ቅሬያችን ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍር፣ አስከሬን የሚሸከም፣ የሐዘንተኛውን ማሳ ሳይቀር የሚያርም የገበሬዎች ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። የዚህ ማኅበር ታሪክ አለመጻፉ እንደሚያሳፍርና እኔ እንደምጽፈው አስታወቅሁ። መሥራቹ አያቴ መሆናቸውንም በትሕትና ጣል አደረግሁ። የቅሬው ዳኛ፣ ቁጥብ ሽማግሌ ናቸው፣ አመስግነውኝ ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ። ጉዳዩ የተቀደደ ድንኳን ነበር።

መሥራችነቱን ከራሴ አላመጣሁትም። አባቴ «ቅሬው የቆመው በአያትህ ነው» ይል ነበር። ሲለው ለምን ፈገግ እንደሚል ጠይቄው አላውቅም።

ደብተሬን ይዤ በመንደሩ በዕድሜ የሚበልጣቸው ወደሌለ እናት ቤት ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ትዝታቸው ግን አልደከመም።

«እማማ፣ አያቴ ቅሬውን እንዴት እንዳቆሙት ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«በመቅረት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ክረምት ጎረቤት ሞቶ ቀብር የሚጠራው ለፋፊ በየደጁ ሲጣራ፣ አያቴ ማሽላቸውን እያረሙ ነበርና ዝናቡ ሳይቀድመኝ ልጨርስ ብለው ቀሩ። እሳቸውን አይተው ሌሎችም ቀሩ። ወንዝ ሞልቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቃሬዛውን ሴቶች ተሸከሙት። እኚህ እናት ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበሩ፤ አንዱን ጫፍ የያዙት እሳቸው ናቸው። በማግስቱ ሰው ተሰብስቦ፣ ሞት ከተጠራ ሞፈር ተጥሎ ይመጣል ብሎ ተማማለ። ቅሬ የሆነው ያን ቀን ነው። በሕጉ መጀመሪያ የተቀጡትም አያቴ ናቸው። እሳት የሚያበድራቸው፣ ሰላምታ የሚመልስላቸው ጠፋ። በመጨረሻ ድንጋይ ተሸክመው ይቅርታ ጠየቁ።

ደብተሬን ስከድን ሰምተው መሰለኝ፣ «ከዚያ ወዲያስ ለጀናዛ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነበር፤ አላህ ይማረው» አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አሠቃየኝ። «በአያቴ አነሳሽነት» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ። «አያቴ ባበረከቱት ምክንያት» አልኩ፤ እሱም አላማረኝም። አንድ ጠዋት ስልኬን አጥፍቼ፣ በሬን ዘግቼ ከዚሁ ዓረፍተ ነገር ጋር ስታገል ለፋፊው በደጄ አልፏል። ድምፁን ሰምቼ የሚሸጥ ነገር የያዘ ሰው መስሎኝ ነበር። እኩለ ቀን ላይ በሥራዬ ረክቼ ብወጣ መንደሩ ባዶ ነው። ከእኔ ቤት ሦስተኛው ላይ የሚኖረው ጎረቤቴ ሞቶ ኖሯል። በሸበጥ እየሮጥኩ ስሄድ ቀባሪው ሲመለስ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሁሉም በጎኔ አልፈው ወደየቤታቸው ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዳኛው ለምን እንደቀረሁ ጠየቁኝ።

«የቅሬውን ታሪክ እየጻፍኩ ነበር» አልኩ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። የሟቹ ወንድም እንኳ በጋቢው አፉን ሸፈነ። ዳኛው ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «እንግዲያው ይህንንም ጨምርበት» አሉና፣ ለሚቀጥለው ቀብር ከቆፋሪዎቹ ጋር እንድቆፍር ፈረዱብኝ።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ክርስቲያን አዛውንት ዐረፉ። የቆላው ፀሐይ ገና በጠዋቱ ያቃጥላል። ዕድሜ ልኩን ጠመኔ የያዘ እጅ ዶማ ሲይዝ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም፤ ውኃ ለመቋጠር ብዙም አልቆየም። ዳኛው ከላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «መምህር፣ የሽንኩርት መደብ ነው እንዴ የምታወጣው?» አሉኝ።

ከዚያ ሸማቸውን አውልቀው ለሰው ሰጡና፣ በዚያ ዕድሜያቸው ወደ ጉድጓዱ ወርደው እጄን በእጀታው ላይ ዝቅ አድርገው አስያዙኝ። አፈሩ እሺ ማለት ጀመረ። እሳቸው ሲዝቁ እኔ እየቆፈርኩ ጨረስነው።