ይድረስ ለሚካኤል መሪጌታ፣ መንዝ

አጎቴ የደብራችን የቅዱስ ሚካኤል መሪጌታ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው ሰው አላስታውስም፤ ባለቤታቸው እንኳ «መሪጌታ» ነበር የሚሏቸው። ፊደል የቆጠርሁት ከእሳቸው ነው። ደብዳቤ መጻፍን ግን ሞላሌ ገበያ በርበሬ ከሚጠቀለልባቸው አሮጌ ጋዜጦች በራሴ ለቃቅሜ ተማርሁ። ስለዚህ የቤቱ ጸሐፊ እኔ ሆንሁ።

ያኔ ወደ እኛ የሚመጣ ደብዳቤ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው መሐል ሜዳ የሚኖር አንድ ነጋዴ ደብረ ብርሃን ፖስታ ቤት የተከራየው ሣጥን ነው። ላኪው የሣጥኑን ቁጥርና የተቀባዩን ስም ይጽፋል፤ ነጋዴው ሸቀጥ ሊያመጣ በወረደ ቁጥር ደብዳቤውን ይዞ ይመለስና በየስሙ ለገበያተኛ ያድላል። ሁለተኛው ያለ ቁጥር ነው፦ አገሩን፣ ደብሩንና ማዕረጉን ጽፎ ለመኪና ሾፌር መስጠት። ሾፌሩ መሐል ሜዳ ድረስ ያመጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ ከቅዳሴ በኋላ በየደጀ ሰላሙ እየተጠራ ባለቤቱን ይፈልጋል።

የአጎቴ ልጅ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲነሣ ቁጥሩን ልጽፍለት ወረቀት አወጣሁ። አጎቴ እጄን ያዙት።

«ምን ይላል?»

«ደብረ ብርሃን ይልና የሣጥኑ ቁጥር ይከተላል።»

«ማማ ምድር አይልም?»

«አይልም፣ ጋሼ።»

«ሚካኤልስ?»

«እሱም የለበትም።»

«እንግዲያ የጨውና የጋዝ ሣጥን ነው እንጂ የእኔ አይደለም። መንዝ ሦስት ነው፤ ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ። አያት ቅድመ አያቴ የተቀበሩበትን ደብር ትቼ በነጋዴ ሣጥን ልጠራ? ጻፍ! ማማ ምድር፣ ከሞላሌ በላይ፣ ለሚካኤል መሪጌታ። ይህን ይዞ የሚያጣኝ ዕውር ነው።»

ልጁ ሳቀ። «ስምዎንስ አንጽፍም?»

«ስሜ በየሾፌሩ አፍ አይንከራተትም!»

ልጁ እንደታዘዘው ሙሉውን እየጻፈ ይልክ ነበርና ደብዳቤዎቹ ዘግይተውም ቢሆን ደረሱ። አጎቴም አንድ በመጣ ቁጥር «ታዲያ ጠፋሁ?» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ሲበረታ ደብዳቤው ቀረ። አጎቴ መጀመሪያ ተቆጡ። ኋላ ግን ከገበያ ስመለስ ደጅ ቆመው ይጠብቁኛል፤ አይጠይቁም፣ እጄን ብቻ ያያሉ። አንድ እሑድ ማኅሌት ላይ ዜማ ጠፋባቸው። ካህናቱ እንዳልሰሙ ሆኑ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ሽማግሌ ጭቃ የለበሰች በቅሎ እየሳቡ ወደ ግቢያችን ገቡ። ራሳቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመዋል፣ መቋሚያ ይዘዋል።

«ከወዴት ነዎት፣ አባቴ?» አለች ጎረቤታችን።

«ከጌራ ምድር። የሚካኤል መሪጌታ ነኝ።»

«ኧረ የሚካኤል መሪጌታስ እኛም አለን! ሌላ አልጠየቅንም።»

እንግዳው አልሳቁም። የአጎቴ ባለቤት በበቅሎዋ ላይ የተጣጠፈውን ባና አዩ። የጥቁር በግ ጠጉር ፈትለው ለልጃቸው የመንገድ ብርድ ልብስ እንዲሆነው ያሠሩት ነበር። ማንም ሳይናገር ጮኹ።

ልቅሶው በረድ ሲል እንግዳው ተናገሩ። ልጁ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ አጠገቡ የተኛ ሰው ደብዳቤ ጻፈለት፦ ልጅዎ ታሟል፣ ቶሎ ይድረሱ። የልጁ ስም አልነበረበትም። በላዩም «መንዝ፣ ለሚካኤል መሪጌታ» ብቻ ነበር ያለው። የጻፈው ሰው ማማና ጌራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለእሱ መንዝ አንድ ነው። ደብዳቤው ከመሐል ሜዳ በቅርቡ ወዳለው ሚካኤል ሄደ። የዚያ ደብር መሪጌታ እኚሁ እንግዳ ናቸው፤ ልጃቸው አዲስ አበባ ወታደር ነበርና በሷቸውን ቋጥረው ወረዱ።

«አልጋው ዘንድ ስደርስ የእኔ አይደለም» አሉ። «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። ልመለስ ፊቴን ሳዞር ዓይኑን ገለጠ። ትኩሳቱ ሰው አያስለየውም።»

አጎቴ መሬት መሬት እያዩ ነበር። «ተናገረ?»

«‹አባዬ› አለ።»

«እርስዎስ?»

«አቤት አልሁት። ምን ልበል?»

እንግዳው መቋሚያቸውን ወደ ጎን አኖሩ።

«የማማ ልጅ መሆኑን ሳውቅ መልእክት ልልክ ተነሥቼ ነበር። እሱ ግን መልእክተኛ እስኪገኝ አልቆየም።»

«ፍትሐቱን ማን አደረሰ?»

«እኔ። ምንም አላጎደልሁ፣ መሪጌታ።»

አጎቴ ተነሡና የእንግዳውን ጉልበት ሳሙ። እንግዳው ሊያነሷቸው ሞከሩ፤ አቃታቸውና አብረው ተንበረከኩ።

ልቅሶው ካለፈ በኋላ አጎቴ ጠሩኝ። ደብዳቤውን ለጻፈው ሰው ምስጋና እንድጽፍ፣ ልጁ ትኩሳቱ ሳይበረታበት ያለው ነገር ካለ እንዲነግራቸው እንድለምን አዘዙኝ። ጽፌ ስጨርስ፦

«መልሱ በምን ይመጣል?» አሉ።

ብዕሩን እንደያዝሁ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ያ የነጋዴው ሣጥን ቁጥር ስንት ነበር?»

ነገርኋቸው። ቀስ ብለው ደገሙት፣ እንደ አዲስ ዜማ። «ጻፈው። ስሜንም ጻፍ።»

ስማቸውን በወረቀት ላይ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቄ ላጥፈው ስል ጣታቸውን ከቁጥሩ ሥር አኖሩ።

«እዚህ ላይ ማማ ምድር በል።»

«በቁጥሩ ይደርሳል፣ ጋሼ። አያስፈልግም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ጻፈው።»